ሸህራዛድን ያስቀሩ ፊልሞች፦ ከ«ሺህ አንድ ሌሊት» ወደ ሲኒማ

አራት ኪሎ፦

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ከ«ሺህ አንድ ሌሊት» የተቀዱ ፊልሞችን ከጥንቶቹ ጀምሬ እያየሁ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) አንድ ነገር እየከነከነኝ ስለመጣ ሐሳባችሁን ልስማ። ሠሪዎቹ ፋኖሱን አይረሱም፤ በራሪውን ምንጣፍ አይረሱም፤ ጂኒውንና የሌቦቹን ዋሻም አይረሱም። የሚረሱት ተራኪዋን ነው።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ፦ ንጉሥ ሻህሪያር ሚስቱ ስለከዳችው በሴት ሁሉ ቂም ይዞ፣ ማታ ያገባትን ጠዋት ያስገድላል። የወዚሩ ልጅ ሸህራዛድ አባቷ እንዳትገባ እየለመናት በገዛ ፈቃዷ ትገባለታለች። እህቷን ዲናርዛድን አብራ አስገብታ «እስቲ ተረት ንገሪን» ታስብላታለች። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ወሬው ልብ በተሰቀለበት ቦታ ይቋረጣል። ንጉሡም መጨረሻውን ሳልሰማ አልገድላትም እያለ ቀኑን ያራዝምላታል።

ይህ ነገር ተረቶቹን ለመደርደር የተፈለገ ሰበብ ብቻ አይደለም። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚተርክ ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ የራሱን ወይ የሌላውን ነፍስ እያተረፈ ነው። የመጀመሪያውን ተረት ውሰዱ። አንድ ነጋዴ ተምር በልቶ ፍሬውን ሲወረውር የጂኒ ልጅ ይገድላል፤ ጂኒውም ደም ሊመልስ ጎራዴ ይመዛል። በዚያ የሚያልፉ ሦስት ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው አንድ ታሪክ ተርከው ከነጋዴው ደም ሲሶ ሲሶውን ያስምሩታል። ደም በወሬ ሲካስ ሌላ የት አይታችኋል?

ሲንባድንም ተመልከቱ። የመጽሐፉ ሲንባድ ጎራዴ ታጣቂ ጀግና አይደለም፣ ነጋዴ ነው። ሀብታም ሆኖ ባግዳድ ከተቀመጠ በኋላ ሰባቱን ጉዞዎቹን የሚተርከው ለአንድ ድሃ ተሸካሚ ነው፤ የተሸካሚውም ስም ሲንባድ ነው። ሰውየው በሙቀት ደክሞት ሸክሙን ደጃፉ ላይ አውርዶ፣ አንዱ በድሎት ሌላው በመከራ የሚኖርበትን ምክንያት ፈጣሪን እየጠየቀ ሲያንጎራጉር ባለቤቱ ሰምቶ ያስገባዋል። በየቀኑ አንድ ጉዞ ይሰማል፣ በየቀኑ መቶ ወርቅ ይዞ ይሄዳል። ባለጸጋው «ይህን ሀብት የበላሁት በስንት ሞት እንደሆነ ስማ» እያለው ነው። በ1958 የወጣው «ሰባተኛው የሲንባድ ጉዞ» ውስጥ ግን ተሸካሚው የለም። ልዕልት አለች፣ አስማተኛ አለ፣ አንድ ዓይና ግዙፍ አለ። የሬይ ሃሪሃውዘንን እጅ አደንቃለሁ፤ ትንንሽ አሻንጉሊት በፍሬም ልክ እያንቀሳቀሰ አጽም ከሰው ጋር ጎራዴ ያማዘዘ ሰው ነው፣ ያ ፍልሚያ ዛሬም ያስደነግጣል። ግን ሰሚው ሲወጣ ታሪኩ ምን ቀረው?

ሰሚራ ከዱባይ፦

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል፣ ግን ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጣቸው። የ1992ቱን የአላዲን ካርቱን መጀመሪያ አስታውስ። በግመል ተቀምጦ እየዘፈነ የሚገባ ነጋዴ አለ። ዕቃውን ዘርግቶ፣ ፋኖሷን አውጥቶ፣ ታሪኩን የሚጀምርልን እሱ ነው። ሲናገር ድምፁ የሮቢን ዊሊያምስ ነው፣ ጂኒውን የሚናገረው ራሱ ሰውዬ። ስለዚህ ተራኪ አለ፤ የቀረችው ሴቲቱ ናት።

እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነው። ነጋዴው የሚዘፍነው ዘፈን ሲኒማ ቤት ሲወጣ «ፊትህን ካልወደዱት ጆሮህን ይቆርጡሃል» የሚል ስንኝ ነበረው፣ ስለ አገሩ። በአሜሪካ ያሉ ዐረቦች የመብት ማኅበር ተከራክሮ በ1993 ለቤት ቪዲዮ ሲወጣ ስለ ሜዳው ስፋትና ስለ ሙቀቱ በሚናገር ስንኝ ተተካ። ቀጥሎ የሚመጣው «አረመኔያዊ ነው» የሚለው ግን እንዳለ ተተወ። እሱ የተነሣው በ2019ኙ ፊልም ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ። ልጆቼ እዚህ ከግብጽ፣ ከሶርያና ከኢራቅ ልጆች ጋር ነው የሚማሩት። እነዚያ ልጆች ስለ አያቶቻቸው አገር ይህን ሲሰሙ ምን ይሰማቸዋል እላለሁ።

አግራባ የምትባለው ከተማም የትም የለችም። ሠሪዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ባግዳድን ነበር፤ የ1991ዱ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲመጣ ስሙን ለወጡት። ኢራቃዊቷ የልጄ ጓደኛ እናት ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ፣ «ቦምቡ ሲወርድ ባግዳድ፣ ተረቱ ሲወራ አግራባ» አለችኝ።

መምህር ዘውዴ፦

ልጆች፣ ጥሩ ጀምራችኋል። አንድ ሰው ግን እስካሁን ስሙ አልተነሣም፤ ሳይነሣ ከቀረ ውይይቱ ጎዶሎ ነው የሚሆነው። ሐና ዲያብ ይባላል።

ተረቶቹን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው አንትዋን ጋላን ነው፤ መጽሐፉ ከ1704 እስከ 1717 በ12 ቅጽ ወጣ። በእጁ የነበረው ጥንታዊ የሶርያ የእጅ ጽሑፍ ግን አላዲንም አሊ ባባም የሉበትም። እነሱን በ1709 ፓሪስ ላይ በቃሉ የነገረው ሐና ዲያብ የሚባል የሐለብ (አሌፖ) ወጣት ነው፤ ማሮናዊ ክርስቲያን ነበር። የበራሪው ፈረስ ታሪክና የልዑል አሕመድ ታሪክም ከእሱ አፍ የወጡ ናቸው። ጋላን በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈው፤ በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ግን ስሙን አላነሣውም።

ወጣቱ ኋላ ወደ ሐለብ ተመልሶ፣ ሸምግሎ የጉዞ ማስታወሻ ጽፏል። ያ ጽሑፍ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ኖሮ በፈረንሳይኛ የታተመው በ2015 ነው። ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ገብቶ ሉዊ 14ኛ ፊት እንደቀረበ ይተርካል፣ ለንጉሡ እንግዳ የሆኑ የበረሃ አይጦች በፍርግርግ ሳጥን ይዞ። እስቲ ያንን የሐለብ ልጅ አስቡት፤ በመስታወትና በወርቅ ባበደ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ። ከዚያ በኋላ አላዲን በአንድ ሌሊት ያስገነባውን ቤተ መንግሥት እንደገና አንብቡት።

ስለዚህ አራት ኪሎ፣ የጠፋችው ሸህራዛድ ብቻ አይደለችም። ስንት ፊልም የተሠራባቸውን ሁለት ተረቶች የተናገረው ሰውም ነው የጠፋው።

ሌላም ልጨምር። በጽሑፉ አላዲን ያለው በቻይና አንዲት ከተማ ነው፤ ክፉው አስማተኛ ከማግሪብ፣ ከሰሜን አፍሪካ ይመጣል። የፋኖሱ ጂኒ «ሦስት ምኞት ብቻ» አይልም፤ ባለፋኖሱ በጠራው ቁጥር ይታዘዛል። ከእሱ የሚያንስ የቀለበት ጂኒም አለ። ሦስቱን ምኞት ያመጣብን ሲኒማ ነው።

የድሬ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ስለ ሐና ዲያብ ዛሬ ገና ሰማሁ።

ሦስቱን ምኞት ካነሡ አይቀር ወደ 1940ው «የባግዳድ ሌባ» እንሂድ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ የአራት ኪሎንም ክስ ውድቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ፊልሙ ከመሐል ነው የሚጀምረው። ንጉሥ አሕመድ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ለማኝ ሆኖ፣ ጓደኛው አቡ ደግሞ በአስማት ውሻ ሆኖ እናገኛቸዋለን። ከዚያ ዓይነ ስውሩ በሴቶች መሐል ተቀምጦ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ይተርካል። ተራኪም አለ፣ ሰሚም አለ፣ የሚተርከውም ስለጭንቁ ነው።

አቡን የሚጫወተው ሳቡ ከሕንዷ ማይሶር የመጣ የዝሆን ጠባቂ ልጅ ነው። ጂኒው ደግሞ ሬክስ ኢንግራም፣ ጥቁር አሜሪካዊ። ያ ዘመን ሆሊውድ ለጥቁር ተዋናይ ከአሽከርነት ሌላ ቦታ የማይሰጥበት ነበር። እዚህ ግን ሰውዬው ሰማይ አክሎ ቆሞ በሳቁ ተራራ ያናውጣል። ትዕይንቱ የተቀዳው ከዓሣ አጥማጁ ተረት ነው፤ ጂኒው ከጠርሙስ ወጥቶ ያወጣውን ልጅ ሊገድል ይላል፣ ልጁም «አንተን የሚያህል ፍጥረት እዚች ውስጥ ነበርክ ብዬ አላምንም» ብሎ መልሶ ያስገባዋል። ሲወጣ ሦስት ምኞት ይሰጠዋል። የመጀመሪያዋን ምኞት የራበው ልጅ ምን ላይ አዋላት? ቋሊማ ላይ! ሦስተኛዋን በንዴት ሲያባክናት ጂኒው ግዴታውን ጨረሰ፤ ልጁን ገደል አፋፍ ላይ ጥሎት እየሳቀ በረረ። ይሉኝታ የለም፣ ወዳጅነት የለም። የሁለት ሺህ ዓመት እስረኛ ነበር፣ ተፈታ፣ ሄደ። የካርቱኑ ጂኒ ነጻነቱን ጌታው እስኪቸረው ይጠብቃል፤ ይህኛው ግን የራሱን ነጻነት ቆጥሮ ይወስዳል። እኔ የምወደው ይህንን ነው።

ክፉው ወዚር ጃፋር፣ ሌባው አቡ፤ ካርቱኑ ስሞቹን ከየት እንዳመጣ ከዚህ ታያላችሁ። ሥራው ሲጀመር እንግሊዝ አገር ነበር፤ ጦርነቱ ሲነሣ ፕሮዲውሰሩ አሌክሳንደር ኮርዳ ቀሪውን አሜሪካ ወስዶ አስጨረሰው፤ ሦስት ኦስካር ወሰደ።

ቤዛ፦

ስለ አሊ ባባ ማንም ምንም አላለም፤ እኔ ልበል። የዚያ ታሪክ ጀግና አሊ ባባ አይደለም፤ ማርጃና ናት፣ ገረዲቱ። ሌባው በራቸው ላይ በጠመኔ ምልክት ሲያደርግ አይታ የሰፈሩን በሮች ሁሉ በዚያው ምልክት ያጥለቀለቀችው እሷ። በዘይት ማሰሮዎች ውስጥ የተደበቁትን ሌቦች ደርሳባቸው፣ ዘይት አፍልታ በየማሰሮው ያፈሰሰችው እሷ። አለቃው ነጋዴ መስሎ ራት ሲመጣ ጩቤ ይዛ እየጨፈረች ልቡ ላይ የሰካችው እሷ። አሊ ባባ ስንቱን ነገር ያወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

ፊልሞቹ ምን አደረጓት? በ1954ቱ የፈረንሳይ ፊልም ማርጃናን የምትጫወተው ታላቋ የግብጽ ዳንሰኛ ሳሚያ ጋማል ናት፤ ፈርናንዴል አሊ ባባን ይጫወታል። ሳሚያ ስትጨፍር ዓይን አይነሣም፣ ግን ፊልሙ የፈለጋት ለፍቅረኛነት ነው። በመጽሐፉ የምትዳረው ለአሊ ባባ ልጅ ነው፤ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ ባለውለታ ሆና። አእምሮዋን ቀምተው ወገቧን አስቀሩ። አራት ኪሎ ስለ ሸህራዛድ የሚለውና ይህ አንድ ነገር ይመስለኛል፤ ብልኅ ሴት ስትመጣ ካሜራው ብልኅነቷን ትቶ መልኳን ነው የሚያየው።

የድሬ ልጅ፦

ቤዛ፣ ሕንዶቹን አትርሺ። በ1980 ከሶቪየቶች ጋር በጋራ የሠሩት «አሊ ባባና አርባ ሌቦች» አለ፤ ዳርሜንድራ፣ ሄማ ማሊኒ፣ ዚናት አማን። በእኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ሕንድ ፊልም የሚተረጉምልን ልጅ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ የሁሉንም ድምፅ ይናገራል፤ የሴቷን፣ የሌባውን፣ የፈረሱን ሳይቀር። ቋንቋውን የሚያውቀው ከማየት ብዛት ነው። እኛም ታሪኩን የምናስታውሰው እሱ እንደነገረን ነው። ተራኪ ከፊልሙ ቢጠፋም ከፊልም ቤቱ አልጠፋም ማለቴ ነው።

አራት ኪሎ፦

የድሬ ልጅ፣ ስለ 1940ው ያልከው እውነት ነው፤ የአሕመድን ትረካ እቀበላለሁ። ግን ተመልከት፣ ከመካከሉ በኋላ ትረካው ያልቅና ፊልሙ ወደ ቀጥታ ጀብዱ ይገባል። ሸህራዛድ ውስጥ ግን ትረካው ሲያልቅ ሞት አለ። ያ ውጥረት ነው የሚጎድለኝ።

ቤዛ፣ የማርጃና ነገር አንጀቴን ነው የበላው። የሎተ ራይኒገርን «ልዑል አሕመድ» አይተሻል? እኔ እስካሁን ካየሁት በጥበብ የሚስተካከለው የለም።

ቤዛ፦

አይቼዋለሁ! 1926፣ በርሊን። እስከ ዛሬ ከተረፉት ሙሉ ርዝመት ካላቸው የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ ዲዝኒ ገና አንድም ረጅም ፊልም ሳይሠራ አንዲት ወጣት ጀርመናዊት በመቀስ ሠራችው። ቁሱ ጥቁር ወረቀትና ስስ የእርሳስ ብረት ነው። እያንዳንዱን ሰው ክንዱን፣ አንጓውን፣ ጣቱን ለብቻ ቆርጣ በሽቦ ታያይዘዋለች፤ ከሥሩ ብርሃን የበራበት መስታወት ላይ ታስተኛዋለች፤ ካሜራው ከላይ ወደ ታች ያያል። ትንሽ ታንቀሳቅስና አንድ ፎቶ፣ ትንሽ ታንቀሳቅስና አንድ ፎቶ። ሦስት ዓመት ያህል ፈጀባት። ፊት የለም፣ ዓይን የለም፣ ጥላ ብቻ ነው፤ ሆኖም ልዕልት ፓሪ ባኑ አንገቷን ስትደፋ ማፈሯን ታውቃለህ።

የመጀመሪያው ቅጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍቷል። ዛሬ የምናየው እንግሊዝ አገር ከተገኘ ቅጂ የታደሰው ነው።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ «አፍሪካዊው አስማተኛ» የተቆረጠበት መልክ። ሁሉም ጥላ ሆኖ ሳለ የእሱን ጥላ ብቻ ቀፋፊ አድርጋዋለች። ጥበቧን እያደነቅሁም ያ ቦታ ሲደርስ ይከፋኛል።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ ደግሞ የጣሊያናዊው አዘጋጅ የፓዞሊኒ ፊልም አለ፣ 1974። ያንተን ክስ የሚያከብደው እሱ ነው። ሸህራዛድን ጨርሶ አውጥቷታል፣ ስሟ አይጠራም። ነገር ግን ተረት በተረት ውስጥ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ተረት የሚለውን አሠራር የጠበቀ እንደሱ የለም። አንዱ ሰው ሊተርክ ይጀምራል፣ በትረካው ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ትረካ ይከፍታል፤ የት እንደገባህ ትረሳለህ። የመን፣ ኢራን፣ ኔፓል፣ እንዲሁም ኤርትራ ሄዶ ነው የቀረጸው፤ ያኔ ኤርትራ በኢትዮጵያ ሥር ነበረች። ንጉሥ እስከመሆን የምትደርሰውን ባሪያዋን ዙሙሩድን የምትጫወተው ኤርትራዊ ደም ያላት ኢኔስ ፔሌግሪኒ ናት። የእኛን አካባቢ መልክ በዚያ ዘመን በአውሮፓ ፊልም ላይ ንጉሥ ሆኖ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። በካን የፊልም ፌስቲቫል የዳኞቹን ልዩ ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ግን እርቃን የበዛበት ነው፤ ከልጆችም ከወላጅም ጋር የሚታይ አይደለም።

የጣና ልጅ፦

እኔ ስለ አዲሱ ፊልም ልናገር፤ ስለ ጆርጅ ሚለር፣ 2022። ኢድሪስ ኤልባ ጂኒ ነው፣ ቲልዳ ስዊንተን የተረት ምሁር ናት። ኢስታንቡል አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ጠርሙስ ትከፍታለች። ጂኒው ምኞቷን እንድትናገር ያስፈልገዋል፣ ካልተመኘች ነጻ አይወጣም፤ እሷ ደግሞ ስንት የምኞት ተረት አንብባ መጨረሻቸውን ስለምታውቅ እንቢ አለች። ስለዚህ ይተርክላታል። አራት ኪሎ፣ የምትፈልገው ይኸው! ለነፍሱ የሚተርክ። ሸህራዛድ ወንድ ሆነች፣ ጂኒ ሆነች፣ ያም ሆኖ አለች።

እንደ ሀበሻ ግን የመጀመሪያው ትረካ ላይ ተነሥቼ ቆምኩ። ንግሥተ ሳባ! ጂኒው ይወዳት ነበር፤ ሰሎሞን ወደ እሷ መጣ፣ በዜማ ማረካት፣ ጂኒውንም በነሐስ ዕቃ አሸገው። በእኛ ክብረ ነገሥት የምትጓዘው ማክዳ ናት። ጥበብ ፈልጋ ኢየሩሳሌም ድረስ፣ በግመልና በስጦታ። የቀዳማዊ ምኒልክ መፀነስም ከዚያ ጉዞ ነው። ጥበብ ፈላጊዋን ቤቷ ተቀምጣ ወንድ የምትጠብቅ አድርጎ ማሳየት ከበደኝ። ዩጋንዳዊቷ አሚቶ ላጉም ስትታይ ግን ግርማዋ ንግሥት ነው፣ አልክድም።

ሰሎሞን በአጋንንት ላይ ያለው ሥልጣን ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የዓሣ አጥማጁ ጂኒ የታሸገው በሰሎሞን ማኅተም ነው። የእኛ ደብተራዎች በብራና ክታብ ላይ የሚጽፉት መርበብተ ሰሎሞን ደግሞ ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ እንዳጠመዳቸው የሚናገር ጸሎት ነው። መረብ፣ ዓሣ፣ ጋኔን፣ ሰሎሞን፤ አራቱም እዚያም እዚህም አሉ። ይህን ይዞ ፊልም የሚሠራ የእኛ ልጅ ቢነሣ ከማንም መዋስ አያስፈልገውም።

መምህር ዘውዴ፦

የጣና ልጅ፣ ይህ የመጨረሻው ሐሳብህ ትልቅ ነው። ደግሞ ቱኒዚያዊውን ናስር ክሚርን እዩ። ፓሪስ መድረክ ላይ ቆሞ «ሺህ አንድ ሌሊት»ን በቃሉ የሚተርክ ሰው ነው፣ የፊልም አዘጋጅም ነው። ሦስት የበረሃ ፊልሞች ሠርቷል፣ የመጨረሻው «ባብ አዚዝ» 2005 ወጣ። ዓይነ ስውር ደርቪሽ (የሱፊ መናኝ) ከልጅ ልጁ ጋር በረሃ እያቋረጠ የአንድ ልዑል ታሪክ ይነግራታል፤ ታሪኩን እየከፋፈለ ነው የሚነግራት፣ ልጅቱም እየተከተለች የምትሄደው ቀሪውን ልትሰማ ነው። ከቤቱ ሰው ሲሠራው እንዲህ ነው።

ሰሚራ ከዱባይ፦

ጋሼ፣ ባብ አዚዝን ለልጆቼ አሳያቸዋለሁ፤ ለዘጠኝ ዓመቷ ይከብዳት ይሆን?

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። እዚህ ያሉ የግብጽ እናቶች «ሺህ አንድ ሌሊት» ሲባል ፊልም አይመጣባቸውም። ራዲዮ ነው። ጣሂር አቡ ፋሻ የጻፈው የካይሮ ራዲዮ ድራማ፣ የሸህራዛድ ድምፅ ዙዙ ነቢል። ረመዳን ሲመጣ ቤተሰብ ሁሉ ዙሪያውን ይቀመጥ ነበር። ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ዶሮ ይጮኻል፣ ሸህራዛድም ዝም ትላለች። በቃ፣ ነገ ማታ ድረስ ጠብቅ። አራት ኪሎ የሚጎድለኝ የሚለው ውጥረት በሙሉ በአንድ ዶሮ ጩኸት ተሠርቷል።

አራት ኪሎ፦

ሰሚራ፣ ይህ ዶሮ ክሬን አጠናከረልኝ! ራዲዮ የቻለውን ካሜራ ለምን ያቅተዋል? ማታ ማታ የሚታይ ተከታታይ ድራማ ተሠርቶ፣ በየክፍሉ መጨረሻ ወደ ሸህራዛድና ወደ ንጉሡ ፊት ቢመለስ፣ ከሁለት ሰዓት ፊልም ይልቅ ለዚህ መጽሐፍ የተሰፋ ልብስ ነበር። የንጉሡን ፊት ማየት እፈልጋለሁ፤ ከሌሊት ሌሊት እንዴት እንደሚለወጥ።

ጋሼ መምህር፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የቱ ይሻላል?

መምህር ዘውዴ፦

ለልጅቱ የራይኒገርን ጥላ አስቀድሙላት፤ ንግግር ስለሌለው ሰሚራ አጠገቧ ተቀምጣ በአማርኛ ትተርክላት። የ1940ውን ቀጥሎ። ባብ አዚዝ ዐሥራ ሦስት ሲሞላት።